ከዘጠኙ ዘጠነኛው

ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አበሻ ታክሲ ነጂዎች ምሳ የሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቷ ኢየሩሳሌም ከአንድ የፖከር ቁማር መጽሔት ላይ የክፍሌን ፎቶ ቆርጣ፣ በፍሬም አድርጋ፣ ከካሽ ሬጅስተሯ በላይ ሰቅላዋለች። ክፍሌ በፎቶው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አገጩን በጡጫው ደግፎ፣ ፊቱ የተደረደሩትን ቺፕሶች፣ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዟቸውን ሳንቲም መሰል ነገሮች፣ ቁልቁል ያያል።

«ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው» ይላል ኖህ፤ ሁልጊዜም ጀርባውን ለፎቶው ሰጥቶ ይቀመጣል።

ሾፌሮቹ ግን በክፍሌ ይኮራሉ። ስሙን ትተው «ፋይናል» ነው የሚሉት። በትልልቆቹ የፖከር ውድድሮች ብዙ መቶ ሰው ይጀምርና፣ ቺፕሱ ያለቀበት እየተነሳ ሲሄድ፣ በመጨረሻው ቀን ዘጠኝ ሰው ብቻ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀራል። ፋይናል ቴብል የሚባለው ይኸ ነው። ፖከር በየቴሌቪዥኑ በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ ክፍሌ አምስት ጊዜ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሚያውቁት የአገር ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ የተቀመጠ ስለሌለ፣ ሾፌሮቹ አምስቱን እንደ አምስት ዋንጫ ነው የሚያወሩት።

ኖህ ይኼን ሲሰማ ሹካውን ያስቀምጥና ጣቱን እያጠፈ ከተሞቹን መቁጠር ይጀምራል።

«ሪኖ፣ ዘጠነኛ። ቱኒካ፣ ስምንተኛ። አትላንቲክ ሲቲ፣ ዘጠነኛ። ላስ ቬጋስ ሰባተኛ ወጣ፤ እሱንም ሁለት ሰዎች ተያይዘው ስለወደቁለት ነው። ከዚያ እንደገና ዘጠነኛ! ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ ዘጠነኛ መውጣት ምን ማለት መሰላችሁ? መጀመሪያ የተባረረ ማለት ነው። ለተባረረ ሰው ፎቶ ይሰቀላል?»

«አንተስ ስንተኛ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለችው ኢየሩሳሌም አንድ ቀን፣ ሳህን እያነሳች።

«እኔ ቤተሰብ ያለኝ ሰው ነኝ» አለ ኖህ።

ነገሩ እውነት ቢሆንም መልስ አልነበረም። ኖህን ሲያበግነው የኖረው ሌላ ነው። ክፍሌን ፖከር ያስተማረው ራሱ ኖህ ነበር። ኤርፖርት ተራ እየጠበቁ፣ በኖህ ቫን የኋላ ወንበር ላይ፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ገልብጠው ነው ያስተማረው። ያኔ ክፍሌ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ መጥፎ ሲደርሰው በሐዘን የሚሸበሸብ፣ ለማሸነፍ ልጅ እንኳ የማያስቸግር ተጫዋች ነበር። ኖህ በሳቅ እየፈነዳ ገንዘቡን ይበላው ነበር። ከዚያ ክፍሌ አንድ ቀን ታክሲውን መለሰና «ፕሮፌሽናል ሆኛለሁ» አለ። ሮዝቪል አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራየ፣ መነጽር ገዛ፣ ከከተማ ከተማ መብረር ጀመረ። ኖህ ግን ያንኑ ቫን እየነዳ እዚያው ተራ ላይ ቀረ። ተማሪው ሲነሳ አስተማሪው የተቀመጠበት ነው የቀረው፤ ይኼን ደግሞ ለሚስቱ ለገነትም ለማንም ተናግሮት አያውቅም። የሚናገረው «ፈሪ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። «ዶሮ እንኳ ቆጥ ላይ ሆና አንዳንዴ ክንፏን ታራግባለች። እሱ ፎልድ፣ ፎልድ፣ ፎልድ! ካርታ መጣል ብቻ! ሌሎቹ እስኪዋደቁ ተደብቆ የሚጠብቅ ሰው ተጫዋች ይባላል?»

በ2007 ጥር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ኖህም ዕድል ቀናው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የካርታ መጫወቻ ቤት በተደረገ ትንሽ ውድድር አሸነፈና ወደ ትልቁ ውድድር በነጻ የሚገባበት ወንበር አገኘ። ትልቁ ውድድር የሚደረገው በስተሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ካሲኖ ነው። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው የቤታቸው መኪና ትራንስሚሽኑ ተበላሽቶ ቆመ። ታክሲውን ቅዳሜና እሁድ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ኖህ አውቶቡስ ሲያፈላልግ ስልኩ ጮኸ።

«ኖህዬ፣ አንተም ትገባለህ አሉኝ፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ድራይቭ ስለማደርግ ለምን አብረን አንሄድም?» አለ ክፍሌ።

ገነት ይኼን ስትሰማ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ብሩክሊን ፓርክ ከሚገኘው ቤታቸው ሮዝቪል ድረስ እየተመላለሰች አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ለወሬ ጊዜ የሌላት ሴት ናት።

«የምትንቀው ሰው መኪና ላይ ልትወጣ ነው?»

«መኪናው ምን አደረገኝ?» አላት ኖህ።

በመንገድ ላይ ክፍሌ ቀኝ መስመሩን ይዞ፣ ከባድ መኪና እንኳ እያለፈው፣ ቀስ ብሎ ነዳ። ኖህ በመስኮት እያየ ለራሱ ሳቀ። «አነዳዱም ፎልድ ነው» አለ በልቡ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ የደፈኑ ጎረምሶች፣ ሁሉም ቺፕስ እያንቀጫቀጩ የዝናብ ድምፅ የመሰለ ነገር ያሰማሉ። ኖህ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ካርታውም መጣለት፣ ድፍረቱም መጣለት። አንዱን አስፈራርቶ፣ ሌላውን አታሎ፣ ሦስተኛውን በዕድል ገልብጦ፣ ሲመሽ ዘጠኝ ሰው ብቻ ቀረ ሲባል ከዘጠኙ አንዱ እሱ ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ ከወዲያ ማዶ ክፍሌ መነጽሩን እያወለቀ ነው። እሱም ገብቷል፤ ቺፕሱም ከኖህ በደንብ ይበልጣል።

«ያን ሁሉ ቺፕስ ይዞ እንደ መጋዘን ዘበኛ ሲጠብቀው ይውላል» አለ ኖህ በልቡ። ነገ የሚሆነውን ከአሁኑ አየው፤ ክፍሌ ሲቀመጥ፣ ክፍሌ ሲፈራ፣ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ ሲለቅመው።

እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ክፍሌ ሁለት የተቀቀለ ዕንቁላልና ገንፎ መሰል አጃ ይዞ ተቀመጠ። ኖህ ሳህኑ ላይ ያልጫነው ነገር አልነበረም።

«የበሽተኛ ምግብ ነው የያዝከው» አለው ኖህ።

«ሆዴ አይችልልኝም፣ እንዲህ ባለ ቀን።»

«ዛሬ ስንተኛ ለመውጣት አሰብክ? ከተሻሻልክ ስምንተኛ?»

ክፍሌ ዕንቁላሉን ልጦ ጨው ነሰነሰበት። «እንጃ» አለ። ኖህ ይኼን እንደ መጀመሪያ ድሉ ቆጠረው።

ቀትር ላይ ዘጠኙን አንድ በአንድ እየጠሩ አስቀመጧቸው። አስተዋዋቂው የክፍሌን ስም ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም አበላሸው። የኖህን ሲጠራ ግን «የመርከቡ ሰውዬ!» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ኖህ እጁን አውለበለበ። ሁለቱ ከአንድ አገር መሆናቸውን ሲሰሙ ተመልካቾቹ አጨበጨቡ፤ ባርኔጣ ያጠለቀ አንድ ሽማግሌ ተጫዋችም «እናንተ ተስማምታችሁ እኛን እንዳትበሉን» ብሎ ቀለደ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይይዛል፤ መሐል ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች፣ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያም አንድ በአንድ፣ ይገለጣሉ። በየመሐሉ ቺፕስ ይጨመራል። የሚከተል ይከተላል፤ የፈራ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ እስከዚያ ያስቀመጠውም ይቀርበታል። መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ፣ ተመሳሳይ ካርታ ያጣመረ ያላጣመረውን፣ ትልቅ ጥንድ ያለውም ትንሽ ያለውን ያሸንፋል።

ክፍሌ ልክ ኖህ እንዳሰበው ሆነ። ካርታውን ጫፉን ብቻ ገለጥ አድርጎ ያይና ይጥላል። እንደገና ያይና ይጥላል። ኖህ ደግሞ ክፍሌ ቺፕስ ባስቀመጠበት ዙር ሁሉ ምንም ካርታ ሳይኖረው ይጨምርበታል፤ ክፍሌም ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ኖህን አላስቻለውም። ሁለት ካርታዎቹን ገልብጦ ለጠረጴዛው ሁሉ አሳየ። ሰባትና ሁለት ነበሩ፤ በፖከር ከእነዚህ የባሰ የለም። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ በሳቅ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ከኋላ የተቀመጡት ተመልካቾችም ሳቁ።

«አየህ? በዚህ ነው የሸሸኸው፤ አንተ ፈሪ» አለው ኖህ በአማርኛ።

«ጠረጴዛው ላይ እንግሊዝኛ ብቻ» አለች ካርታ የምታከፋፍለው ሴት።

«ይቅርታ፣ ሰላም እያልኩት ነው» አላት ኖህ።

ክፍሌ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አላደረገውም፤ ኪሱ ከተተው።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሌ ራሱ ቀድሞ ጨመረ። ኖህ ካርታውን አየ፤ ስምንትና ስድስት፣ የማይገናኙ፣ ለምንም የማይሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላቸው ነበር። የጨመረው ግን ክፍሌ ነው። ኖህ ተከተለው፤ ሌሎቹ ወጡ። መሐል ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ኤስ፣ ንጉሥና አራት ተገለጡ። ክፍሌ ምንም ሳይጨምር በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ አሳለፈ። «ኤስም ንጉሥም የለውም» አለ ኖህ በልቡ፤ ቢኖረው ዝም አይልም። ከቺፕሱ ዘገነና ወረወረ። ክፍሌ ተከተለ። አራተኛው ካርታ ሁለት ሆነ። ኖህ ጨመረ፣ ክፍሌ ተከተለ። አምስተኛዋ ንግሥት ነበረች።

አሁን መሐል ላይ ሦስት ትልልቅ ካርታዎች ተኮልኩለዋል። ከእነሱ አንዱን እጁ ላይ ያልያዘ ሰው እዚያ መቀመጥ የለበትም። ኖህ እጁ ላይ ባዶ ነው፤ ግን ባዶነቱን ማን ያውቃል? ክፍሌን ያውቀዋል። ቫን ውስጥ ያስተማረው ክፍሌ ነው፣ በየከተማው የሸሸው ክፍሌ ነው። ሁለቱንም እጆቹን ከቺፕሱ ጀርባ አስገብቶ ሙሉውን ወደ መሐል ገፋው።

«ኦል ኢን!»

ክፍሌ ካርታዎቹን አላየም። ቺፕሱንም አላየም። ኖህን ነበር የሚያየው። ያለ መነጽር ዓይኑ ትንሽና የደከመ ነበር፤ ኖህ ጨዋታ ላይ እንዲህ ካየው ቆይቷል። ኖህ ፈገግ አለለት፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ «በል ጣላትና ተገላገል» የሚል ፈገግታ።

«ኮል» አለ ክፍሌ፤ ተከተልኩ ማለቱ ነው።

ድምፁ በጣም ቀጭን ስለነበር አከፋፋይዋ እንዲደግመው ጠየቀችው። ደገመው፤ ካርታዎቹንም ገለጣቸው። ጥንድ አስር። አንድ ሰው ተነፈሰ። በኤስ፣ በንጉሥና በንግሥት ፊት፣ ጥንድ አስር ይዞ ሙሉ ቺፕሱን የሚከተል ሰው ማንም አይጠብቅም። ኖህ ግን ስምንትና ስድስቱን ከመግለጥ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ካርታዎቹን አየ፣ ኖህን አየ፣ ከዚያ በአዘኔታ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቀለ። አዘኔታው ከሳቁ ይብስ ነበር።

«ዘጠነኛ፤ የመርከቡ ሰውዬ!» አለ አስተዋዋቂው። አጨበጨቡለት።

ኖህ ካፖርቱን ይዞ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ መኪናው የክፍሌ መሆኑ ትዝ አለው። ውጭ ንፋሱ በረዶውን ከሐይቁ ላይ እየጠረገ ያመጣል፤ የሚሄድበት የለም። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበና ለገነት ደወለ።

«ጨረስክ እንዴ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«ስንተኛ?»

«ዘጠነኛ።»

«ዘጠነኛ ማለት መጀመሪያ የተባረረ ማለት አይደል? እንደዚያ አልነበር የምትለው?»

«ገነት፣ አሁን ተይኝ።»

«ማን አወጣህ?»

ኖህ ጥያቄዋን እንዳልሰማ ሆኖ የውሃ ቧንቧውን እንደገና ከፈተው።

«ኧረ አትበለኝ!» አለች ገነት። ሳቋን ስታፍን ተሰማው፤ ከዚያ አላፈነችውም። «በል እሺ፣ ልብስ ማጠቢያው ጮኸ» ብላ ዘጋችው።

ተመልሶ ከተመልካቾቹ ኋላ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ክፍሌ አሁን እንዲወድቅ ጸለየ ማለት ይቻላል። ስምንተኛ ቢወጣ፣ ቢያንስ ሰባተኛ ቢወጣ፣ ነገሩ ይለዝባል፤ «የኔን በላ፣ ሁለት ዙር ሳይቆይ ለሌላ አስረከበ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጠረጴዛው ተለውጦ ነበር። በጥንድ አስር እንደዚያ የተከተለን ሰው ማን ያስፈራራዋል? ክፍሌ ሲጨምር ሌሎቹ ይወጡለታል። እሱም መጨመር ጀመረ። ስምንተኛው ወጣ፣ ሰባተኛው ወጣ። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ቺፕሱን ለክፍሌ አስረክቦ፣ ጨብጦት፣ ባርኔጣውን አንስቶለት ሄደ። ክፍሌ ወደ ኋላ ተደግፎ ሲቀመጥ ኖህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «መደገፊያውን የገዛው ይመስል» አለ በምሬት፤ ቀልዱን የሚሰማለት ግን አጠገቡ ማንም አልነበረም። አንዲት ሹራብ የምትሠራ ባልቴት ብቻ ናት ያለችው፣ እሷም «ጓደኛህ ጎበዝ ነው፤ አንተን ያወጣህ እሱ አይደል?» አለችው።

ሦስት ሰው ሲቀር ክፍሌ ጥንድ ንጉሥ ደረሰው። ሙሉ ቺፕሱን አስገባ፤ አንዲት ኮሌጅ የጨረሰች የማትመስል ልጅ ኤስ ይዛ ተከተለችው። ካርታዎቹ ሲገለጡ ሁለተኛ ኤስ መጣላት። አለቀ። ክፍሌ ተነስቶ የልጅቷን እጅ ጨበጠ፣ ለቀረውም ሰው ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ።

ኖህ ደስ አለው። ደስ ማለቱ ደግሞ ወዲያው አስጠላው።

ወደ ደቡብ ሲመለሱ መንገዱ ነጭ ነበር፤ ክፍሌም እንደ አመጣጡ ቀኝ መስመሩን ይዞ ነበር የሚነዳው። ብዙ ርቀት ከሄዱ በኋላ ኖህ አልቻለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አስር ይዘህ፣ እነዚያ ሁሉ ካርታዎች ተገልጠው፣ ባዶ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«አላወቅኩም።»

«እንዴት አላወቅኩም ትላለህ?»

«አላወቅኩማ! ኤስ ይዟል ብዬ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ፎልድ ነበር የማደርገው፣ ሁሌ እንደማደርገው።» ክፍሌ የመስኮቱን መጥረጊያ አፈጠነው። «ኢየሩሳሌም ቤት የምትለውን እሰማለሁ፣ ኖህ። ሪኖ ዘጠነኛ፣ ቱኒካ ስምንተኛ። ልጆቹ ድምፅህን አስመስለው ነው የሚነግሩኝ። ተቀይሜህ አላውቅም፤ ውሸት ስላልሆነ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ እፈራለሁ። እዚህ መድረሴ አይበቃም ወይ እላለሁ፣ አንድ ሰው እስኪወጣልኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወጣልኝ እጠብቃለሁ። ዛሬ ግን ያን ሰባትና ሁለትህን ገልብጠህ ስታሳየኝ፣ ሰዎቹም ሲስቁ፣ ዘጠነኛም ብወጣ ልውጣ፣ ለዚህ ሰውዬ ግን ካርታ አልጥልም አልኩ።»

«በንዴት ነዋ!»

«በንዴት ነው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ አልተመለሰም። ሦስተኛ የወጣሁት በአንተ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ኖህ ፊቱን አዙሮ አየው፣ ሽሙጥ ፍለጋ። የክፍሌ ፊት ላይ ሽሙጥ አልነበረም። ሰውየው ከልቡ ነበር የሚያመሰግነው። ኖህ ቢሰድበው በተሻለው ነበር፤ ለስድብ መልስ አያጣም። ዘወር ብሎ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍ አደረገ።

ብሩክሊን ፓርክ ሲደርሱ ገነት የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ደጅ ቆማ ነበር። የምታደርሳት ጓደኛዋ አሟት ቀርታለች። ክፍሌ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት።

«ስንተኛ ወጣህ?» አለችው።

«ሦስተኛ።»

«እንኳን ደስ ያለህ! ሦስተኛ!»

«ኖህም ጥሩ ተጫውቷል» አለ ክፍሌ። «ሥራሽ ሮዝቪል አይደል? ግቢ፣ ቤቴ እዚያው ነው።»

ኖህ ሻንጣውን ከኋላ አወረደ። ገነት እሱ ሲቀመጥበት በቆየው ወንበር ገብታ ቀበቶውን አሰረች፤ በመስኮት «ወጥ ምድጃው ላይ አለ» አለችውና መኪናው ተንቀሳቀሰ። ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ ክፍሌ መሪውን ለቀቅ አድርጎ፣ ኖህ ጠረጴዛው ላይ ቺፕሱን እንደገፋው፣ ሁለት እጁን ወደፊት ሲገፋ አየው። ገነት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ክፍሌም ሳቀ። መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ድምፁ አልመጣም፣ ግን መስማት አላስፈለገውም።

ኖህ በረዶው ላይ ቆሞ የኋላ መብራታቸው ከመታጠፊያው ጀርባ እስኪጠፋ በዓይኑ ተከተለው። ቀጥሎ የታችኛው ቤት ጎረቤት በር ሲከፍት ሰማና፣ ማንም «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ሳይጠይቀው፣ ሻንጣውን አንስቶ ደረጃውን በፍጥነት ወጣ።